ክብደቱ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ? ፒሲኦኤስ እና የዶክተር አንድሪያ ዱናይፍ ረጅም ጥያቄ

የአክስቴ ልጅ ሠርጓ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው እናቷ አንገቷን በሎሚና በሳሙና ስትፈትግላት አይቻለሁ። አንገቷ ዙሪያውን ጠቁሯል። ሲነኩት ወፈር ያለ፣ ከፋይ ጨርቅ የሚመስል ነው። «እድፍ ነው፣ ይለቃል» ትላለች አክስቴ። አልለቀቀም። ቆዳው ቀላ፣ ቆሰለ፣ ጥቁረቱ ግን እዚያው ቀረ።

ይህች ልጅ የወር አበባዋ በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ ነበር የሚመጣው። አገጯ ላይ የሚበቅለውን ፀጉር በክር ታስነቅላለች። አንገቷን ለቆዳ ሐኪም አሳየች፣ ቅባት ሰጧት። የወር አበባዋን ለማህፀን ሐኪም ነገረች፣ «ስታገቢ ይስተካከላል» አሏት። አግብታ ልጅ ሲዘገይ አልትራሳውንድ ተነሳች፣ «ኦቫሪሽ ላይ ሲስት አለ» ተባለች (ኦቫሪ የሴት እንቁላል የሚያድግበት አካል ነው፣ ሲስት ውሃ የቋጠረ ከረጢት)። ሦስቱን ነገር አንድ ላይ አድርጎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ስኳሯንም ማንም አልለካም።

ይህ አንድ ሐኪም ላይ የሚጣል ጥፋት አይደለም። ሕክምናው ራሱ እነዚህን ነገሮች ለማያያዝ ብዙ አሥርተ ዓመታት ፈጅቶበታል። እንዲያያዙ ካደረጉት ሰዎች መካከል አሜሪካዊቷ ሐኪምና ተመራማሪ አንድሪያ ዱናይፍ ከፊት ይሰለፋሉ። የእሳቸውን ሥራ እንደ አንድ ጉዳይ ይዤ ከመነሻው ልተርከው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእሳቸው በፊት ነው። በ1921 አሻር እና ቲየር የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች ጺም ያበቀሉና ስኳር በሽታ ያለባቸውን ሴቶች ጉዳይ ጽፈው ነበር። ጢምና ስኳር በአንድ ሰው ላይ። ፍንጩ ያን ጊዜውኑ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ግን ተከታይ አላገኘም።

በ1935 ሌላ መንገድ ተከፈተ። ቺካጎ ውስጥ ስታይን እና ሌቨንታል የተባሉ የማህፀን ሐኪሞች ስለ 7 ሴቶች ጻፉ። የወር አበባቸው የቀረ ወይም የተዛባ ነበር። ሆዳቸው ሲከፈት ኦቫሪያቸው አብጦ፣ በትናንሽ ውሃ በቋጠሩ ከረጢቶች ተሞልቶ ተገኘ። ሐኪሞቹ ከኦቫሪው ላይ ከፍለው ቆርጠው አወጡ። የወር አበባቸው ተመለሰ፣ ከሰባቱ ሁለቱ አረገዙ። በሽታው ስሙን ያገኘው ከዚህ ምስል ነው፦ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ ባጭሩ ፒሲኦኤስ። ብዙ ሲስት ያለበት ኦቫሪ ማለት ነው።

ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል፣ እስከ ዛሬም ያሳስታል። ከረጢቶቹ እጢ አይደሉም። እንቁላል የሚያድግባቸው የተለመዱ ከረጢቶች ናቸው። በጤናማ ሴት በየወሩ ጥቂቶቹ ማደግ ይጀምራሉ፣ አንዱ ቀድሞ ይበስላል፣ እንቁላሉን ይለቃል። እዚህ ግን ብዙዎቹ ይጀምሩና መንገድ ላይ ይቆማሉ። ኦቫሪው የቆሙትን ተሸክሞ ይታያል። የአክስቴ ልጅ «ሲስት አለሽ» በተባለች ማታ እንቅልፍ አልወሰዳትም፣ ካንሰር መስሏት ነበር። ይህን ሁለት ዓረፍተ ነገር የሚነግራት ሰው ብታገኝ ኖሮ በሰላም ታድር ነበር።

ስሙ ሌላም መዘዝ ነበረው። በሽታውን የማህፀን ሐኪም ብቻ ንብረት አደረገው። ኦቫሪ ከተባለ ወደ ማህፀን ክፍል ነው የሚሄደው። ስኳርና ኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሴል የሚያስገባው ሆርሞን) የሚያውቀው ሐኪም ደግሞ ሌላ ፎቅ ላይ ነው።

በ1976 ሮናልድ ካህን፣ ጄፍሪ ፍላየርና ባልደረቦቻቸው ስለ ጥቂት ለየት ያሉ ታካሚዎች ጻፉ። ሰውነታቸው ለኢንሱሊን ፈጽሞ አልታዘዝ ብሏል። አንገታቸውና ብብታቸው ጠቁሯል። ከመካከላቸው ወጣት ሴቶቹ የወንድነት ምልክት ይታይባቸው ነበር። ያ የአንገት ጥቁረት በሕክምና አካንቶሲስ ኒግሪካንስ ይባላል። ደም ውስጥ ከመጠን በላይ የበዛ ኢንሱሊን የቆዳ ሴሎችን ሲያባዛ ይመጣል። እድፍ አይደለም፣ ሎሚም አያስለቅቀውም። በ1980 ደግሞ ሜምፊስ ያሉ ተመራማሪዎች ያን ያህል ብርቅ ያልሆነ፣ ተራ ፒሲኦኤስ ያለባቸውን ሴቶች ለኩ። ኢንሱሊናቸው ከፍ ያለ ነበር። ኢንሱሊኑ ከፍ ባለ ቁጥር እንደ ቴስቶስትሮን ያሉት የወንድ ሆርሞኖችም አብረው ከፍ ይላሉ።

ዱናይፍ ወደ ነገሩ የገቡት በዚህ ሰዓት ነው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው፣ ቦስተን በሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በሆርሞን ሕክምና ሠልጥነዋል። በ1985 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት ስለ እነዚህ አንገታቸው የጠቆረ፣ የወንድ ሆርሞን የበዛባቸው ሴቶች ነበር። የኦቫሪ ሆርሞንን የሚያጠኑና ኢንሱሊንን የሚያጠኑ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ላይ ስማቸውን አብረው ያሰፈሩበት ነው። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጉዳዩ የተፈታው ሁለቱ ፎቆች መነጋገር ሲጀምሩ ነው።

ግን አንድ ከባድ ተቃውሞ ነበር፣ ተቃውሞውም ትክክል ነበር። ከታዩት ሴቶች ብዙዎቹ ወፍራሞች ናቸው። ውፍረት ደግሞ ብቻውን ኢንሱሊንን ከፍ ያደርጋል። ታዲያ የበሽታው ሥራ ምኑ ነው? «ክብደቱ ነው» ብሎ ፋይሉን መዝጋት ቀላል ነበር። ታካሚዋንም «ቀንሺና ተመለሺ» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። ይህችን አባባል ያልሰማች ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት አላጋጠመችኝም።

ዱናይፍ ኒውዮርክ በሚገኘው ማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት ሆነው ጥያቄውን በማያሻማ መንገድ ለመፈተን ተነሱ። ወፍራም ታካሚ ከወፍራም ጤነኛ ጋር ትወዳደር። ቀጭን ታካሚ ከቀጭን ጤነኛ ጋር። ዕድሜያቸውና የሰውነታቸው ስብ ተቀራራቢ ይሁን። ከዚያ በኋላ ልዩነት ከተገኘ በክብደት ማመካኘት አይቻልም።

መለኪያው ክላምፕ ይባላል። በ1979 ዲፍሮንዞና ባልደረቦቹ በዝርዝር ያስቀመጡት ዘዴ ነው። እስቲ ሴትዮዋን አልጋው ላይ እንያት። ሌሊቱን ምንም ሳትበላ አድራለች። በአንድ ክንዷ የደም ሥር ኢንሱሊን ይገባል፣ ሳይቋረጥ፣ በተወሰነ መጠን። ሌላ እጇ እንዲሞቅ ተደርጓል፣ ምክንያቱም ሞቅ ያለ እጅ ላይ ከደም መልስ ሥር የሚቀዳ ደም ከልብ የሚወጣውን ደም ይመስላል። በየ5 ደቂቃው ከዚያ እጅ ትንሽ ደም ይቀዳል፣ ስኳሩ እዚያው ይለካል። ኢንሱሊኑ ስኳሯን ወደ ታች ይጎትታል። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ግሉኮስ፣ ማለትም ስኳር፣ በደም ሥሯ ጠብ ጠብ እያደረገ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ቀነሰ፣ ይጨምራል። ጨመረ፣ ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ እንዲህ ይቀጥላል፣ ዓላማው ስኳሯ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ነው።

ምስጢሩ ያለው በግሉኮሱ መጠን ላይ ነው። ስኳሯን ባለበት ለማቆየት ብዙ ግሉኮስ ካስፈለገ፣ ጡንቻዋ ኢንሱሊኑን ሰምቶ ስኳሩን እየዋጠ ነው። ጥቂት ከበቃ፣ ጡንቻዋ አልሰማም።

ውጤቱ በ1989 ታተመ። ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች ጡንቻ ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ ከእኩዮቻቸው ከ35 እስከ 40 በመቶ ያንሳል። ቀጭኖቹም ላይ ጉድለቱ አለ። መጠኑ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ላይ ከሚታየው ጋር የሚቀራረብ ነው። ውፍረት ሲጨመርበት ደግሞ የራሱን ሸክም ይደርብበታል። ክብደት ያባብሳል፣ ግን መነሻው እሱ ብቻ አይደለም። ለዓመታት «ስላልቀነስሽ ነው» ሲባሉ የኖሩ ሴቶች ይህን ውጤት ሊያውቁት ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ሰውነት ለኢንሱሊን ካልታዘዘ ኢንሱሊን ኦቫሪውን እንዴት ይረብሻል? ጆሮው የከበደ ሰው ያለበትን ቤት አስቡት። እንዲሰማ ይጮሁበታል። እሱ በስንት ጩኸት ይሰማል፣ ጎን ያለው ደህና ጆሮ ያለው ጎረቤት ግን ይደነቁራል። ጡንቻው ጆሮው የከበደው ነው። ቆሽት እንዲሰማው ብሎ ኢንሱሊኑን ያበዛል። ኦቫሪው ጎረቤቱ ነው። ኢንሱሊኑን በደንብ ይሰማል፣ ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ከሚመጣው ኤልኤች ሆርሞን ጋር ተዳምሮ ቴስቶስትሮን እንዲያመርት ይገፋዋል። ጉበትም ይሰማል። ቴስቶስትሮንን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን ማምረት ይቀንሳል፣ ያልታሰረው ሆርሞን ደም ውስጥ በነፃ ይዞራል። ከዚያ ጢሙ፣ ብጉሩ፣ የቆመው እንቁላል ይከተላሉ።

መገመት አንድ ነገር ነው፣ ማሳየት ሌላ። በዚያው በ1989 ጆን ኔስትለርና ባልደረቦቹ 5 ወፍራም ፒሲኦኤስ ያለባቸውን ሴቶች ወስደው ለ10 ቀን ቆሽት ኢንሱሊን እንዳያመነጭ የሚገታ መድኃኒት ሰጧቸው። ኢንሱሊኑ ወረደ። ቴስቶስትሮኑም አብሮ ወረደ። አምስት ሴቶች ብቻ ናቸው፣ ግን አቅጣጫውን ለማየት በቂ ነበር።

በ1990 ቤቴስዳ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ስለ ፒሲኦኤስ ጉባኤ ተጠራ። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ተመራማሪ ታካሚዎቹን በራሱ መስፈርት ነበር የሚመርጠው። ዱናይፍ ከዋነኞቹ አንዷ ነበሩ። ከተሳታፊዎች አስተያየት ተጨምቆ የወጣው መስፈርት ቀላል ነው፦ እንቁላል በየወሩ አለመለቀቁ፣ የወንድ ሆርሞን መብዛቱ፣ ሌላ ተመሳሳይ በሽታ አለመኖሩ። የአልትራሳውንዱ ምስል ከመስፈርቱ ውስጥ የለም። ስሙን የሰጠው ነገር ከፍቺው ወጣ ማለት ነው። በ2003 ሮተርዳም ላይ በተደረገ ሌላ ጉባኤ ምስሉ እንደ አንድ አማራጭ ተመልሶ ገባ፣ ክርክሩም ለዓመታት ቀጠለ። ያን ክርክር እዚህ አልዘረዝረውም።

ቀጣዩ ጥያቄ «ጡንቻው ለምን አይሰማም?» የሚል ነበር። ዱናይፍና ባልደረቦቻቸው ከሴቶቹ ቆዳ ላይ ሴል ወስደው ላቦራቶሪ ውስጥ አሳደጉ። ሴሉ ከባለቤቷ ሰውነት ርቆ ለሳምንታት ኖሯል። ክብደቷም ሆርሞኗም አይነካውም። በ1995 እንደጻፉት፣ በግማሽ ያህሉ ታካሚዎች ሴል ላይ ኢንሱሊንን የሚቀበለው ፕሮቲን ፎስፌት የተባለ ኬሚካል ያለቦታው ተለጥፎበት ተገኘ። መልእክቱን ወደ ውስጥ ማስተላለፍ የሚችለው በጎደሎ ነው። በዚያው ዓመት የዋልተር ሚለር ቡድን ደግሞ የወንድ ሆርሞን የሚያመርተው ኢንዛይም ተመሳሳይ ፎስፌት ሲለጠፍበት ሥራው እንደሚጨምር አሳየ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታደርጋቸው ልብ ይዘላል። አንድ ብልሽት ኢንሱሊኑንም ቴስቶስትሮኑንም ያበላሸ ይሆን?

የሚያምር ሐሳብ ነበር። እስከ ዛሬ ግን ማረጋገጫ አላገኘም። ይህን የምነግራችሁ ሥራውን ለማሳነስ አይደለም። ከሁሉም በላይ የማከብረው ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ነው። ሐሳቡ ላይ ተቸንክረው አልቀሩም፣ ወደ ቤተሰብ ዞሩ።

በ1998 ከሪቻርድ ሌግሮና ከሌሎች ጋር 115 የታካሚ እህቶችን መርምረው ውጤቱን አወጡ። 22 በመቶዎቹ ራሳቸው ፒሲኦኤስ ነበረባቸው። 24 በመቶዎቹ ደግሞ የወር አበባቸው የተስተካከለ ቢሆንም የወንድ ሆርሞናቸው ከፍ ያለ ነበር። ከሁለት እህት አንዷ ገደማ ማለት ነው። በኋላ ወንድሞችም ታዩ፣ እነሱም ላይ ከኩላሊት በላይ ካለው አድሬናል ዕጢ የሚወጣ የወንድ ሆርሞን ከፍ ብሎ ተገኘ። ኦቫሪ የሌለው ሰው ላይ የኦቫሪ በሽታ አሻራ!

በ1999 የመጣው ጥናት ለታካሚ ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቅም ነው። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 44 የሆነ 254 ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች ስኳር ተለካ። 31.1 በመቶዎቹ ወደ ስኳር በሽታ መዳረሻ ላይ ነበሩ። 7.5 በመቶዎቹ ሳያውቁት በሽታው ይዟቸዋል። ወፍራም ካልሆኑትም 10.3 በመቶዎቹ መዳረሻው ላይ ነበሩ። አንድ ቁጥር ላይ ቆም በሉ። በጾም ደም ብቻ ተለክተው ቢሆን ኖሮ ስኳር በሽታ አለባቸው የሚባሉት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት የተገኙት የስኳር ውሃ ጠጥተው ከሁለት ሰዓት በኋላ ደማቸው ሲታይ ነው። ጠዋት ጣት ተወግቶ «ስኳርሽ ደህና ነው» መባል እዚህ በሽታ ላይ በቂ አይደለም። የ2023ቱ ዓለም አቀፍ መመሪያም ክብደቷ ምንም ይሁን ምን የታካሚዋ ስኳር በምርመራው ወቅት እንዲታይ፣ ከዚያም በየ1 እስከ 3 ዓመቱ እንዲደገም ይመክራል። ከሁሉ የተሻለው መለኪያ ያ የስኳር ውሃ ነው ይላል።

ሕክምናው ግን እንደታሰበው ቀጥ ያለ መንገድ አልሄደም። ኢንሱሊን ከሥሩ ካለ፣ ኢንሱሊኑን የሚያቀል መድኃኒት ሁሉንም ማስተካከል አለበት። ዱናይፍ በ1996 ትሮግሊታዞን የተባለውን ሞክረው ኢንሱሊኑም ሆርሞኑም ሲሻሻል አዩ። መድኃኒቱ ግን ጉበት እየጎዳ ስለተገኘ በ2000 አሜሪካ ውስጥ ከገበያ ወጣ። ተስፋው ሁሉ ሜትፎርሚን በተባለው የስኳር በሽታ መድኃኒት ላይ አረፈ። በ2007 ሌግሮ የመሩት ጥናት 626 ልጅ የሚፈልጉ ሴቶችን አሳተፈ። በሜትፎርሚን ብቻ ልጅ የወለዱት 7.2 በመቶ ናቸው። እንቁላል በሚያስለቅቀው ክሎሚፊን 22.5 በመቶ። በ2014 ደግሞ ሌትሮዞል የተባለ ሌላ እንቁላል የሚያስለቅቅ መድኃኒት ክሎሚፊንን በለጠው፣ የወለዱት 27.5 በመቶ ለ19.1 በመቶ ነበሩ። ሜትፎርሚን ለስኳሩ ጠቃሚ ነው። ልጅ ለማግኘት ግን ብቻውን የሚተማመኑበት አይደለም። ከፋርማሲ ራሳቸው ገዝተው «ያስረግዛል ብለውኛል» የሚሉ ሴቶችን ስሰማ ይህ ቁጥር ነው የሚታወሰኝ።

ጂኑም ሌላ ነገር አስተማረ። በ2015 ዱናይፍ የተሳተፉበት ሰፊ የዘረመል ጥናት ካገኛቸው ቦታዎች አንዱ ከኢንሱሊን ጋር አይገናኝም። ኤፍኤስኤች የተባለውን፣ እንቁላል የሚያሳድገውን ሆርሞን ከሚያዘው ጂን አጠገብ ነው። በ2020 ደግሞ የሴቶቹን ሆርሞን፣ ስኳርና ክብደት ለኮምፒውተር ሰጥተው ራሱ እንዲመድባቸው አደረጉ። ሁለት ጎራ ወጣ። አንዱ ኤልኤች ከፍ ያለበት፣ ቀጠን ያለ፣ ኢንሱሊኑ ዝቅ ያለ። ሌላው ክብደቱ፣ ስኳሩና ኢንሱሊኑ ከፍ ያለ። የቀሩት ሴቶች በሁለቱም አልተመደቡም። የሁለቱ ጎራዎች ዘረመልም የተለያየ ነበር። እድሜ ልካቸውን ኢንሱሊንን የተከተሉ ሰው «ለአንዳንዶቹ መነሻው ሌላ ሊሆን ይችላል» የሚል ውጤት በራሳቸው ስም ማውጣታቸው ልቤን ይነካኛል።

በመሃል ዱናይፍ ፔንስልቬንያ፣ ቦስተንና ቺካጎ ሠርተዋል፣ የአሜሪካ ኢንዶክራይን ማኅበርን መርተዋል፣ ወደ ማውንት ሳይናይም ተመልሰዋል። በ2012 የብሔራዊ የጤና ተቋሙ የጠራው ገለልተኛ ቡድን የበሽታው ስም ያሳስታልና ይቀየር ብሎ መክሯል።

የአክስቴ ልጅ ስኳር በሽታ እንዳለባት ያወቀችው በ34 ዓመቷ ነው፣ የዓይኗ ብዥታ ወደ ሐኪም ወስዷት። ታናሽ እህቷ ቀጭን ናት። አንገቷ ንጹሕ ነው፣ የወር አበባዋ ብቻ አልፎ አልፎ ይዘላል። ስለ 115ቱ እህቶች ካነበብኩ በኋላ ይዣት ሄድኩ። ምንም ሳትበላ መጥታለች። ነርሷ መጀመሪያ ደም ቀዳች፣ ከዚያ በብርጭቆ የስኳር ውሃውን ሰጠቻት። ጣፋጩ አንገሽግሿት ፊቷን አጨማደደች፣ ግን ጨረሰችው። ሁለት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን አወራን። ስትጠራ እጅጌዋን ራሷ ሰብስባ ገባች። ውጤቱ መዳረሻው ላይ ነበር። የጾሙ ደም ንጹሕ ነበር።